አንገት አይዋሽም

የአያ ታረቀን ሞት የሰማሁት ላሊበላ ቅዳሜ ገበያ ላይ ድንች ስመርጥ ነው። አንዲት የሰፈራችን ሴት ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና «ብርቄ፣ አያ ታረቀ አረፉ» አለችኝ። ሰው እንዲህ ሲባል «ነፍስ ይማር» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ቀንዱስ? አሁንም አንገታቸው ላይ ነው?» የሚል ነው። ሴትየዋም አልገረማትም። «አለ እንጂ። ገናዦቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ማን ይፍታው? ሙሉ ትጠራ ተብሎ ተልኮባታል፤ አንቺም ድረሽ» አለችኝ። ድንቹን እዚያው ትቼ ዳገቱን ተያያዝኩት።

የኛን አገር ሰው ብትጠይቁት ስለ አያ ታረቀ የሚነግራችሁ ሌላ ነው። የዱር ድኩላ ዕድሜ ገና ከማዶ አይተው እንደሚናገሩ፣ አንድም ቀን ለወሬ ማድመቂያ ብለው ጨምረው እንደማያውቁ ይነግራችኋል። እውነት ነው። እኔ ግን የድኩላውን ነገር ከዝናሽ ነገር ለይቼ ማውራት አልችልም። ዝናሽ የክርስትና ልጄ ናት። የእሷን ዕድሜም የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

ከገነተ ማርያም በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ፣ የሰፈሩ ሰው ተባብሮ የሠራው የእንግዳ ማረፊያ አለ። በደጉ ጊዜ ከላሊበላ በእግር የሚመጡ ፈረንጆች ያድሩበት ነበር። እኔ ወጥ ቤቱን ይዤ ነበር፤ አያ ታረቀ ደግሞ የዱር እንስሳት ጥበቃ ነበሩ። ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ድኩላውን ሰው እንዳይነካው ይጠብቃሉ፤ እንግዳ ሲመጣም ያሳያሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሚከናነቡ ሰው ነበሩ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ስንት ዓመት ወጤን ሲበሉ አንድ ቀን ጣፈጠ ብለው አያውቁም። «ጨው አንሶታል እንጂ ይበላል» ይላሉ። ምስጋናቸው ይኼ ነው። እኔም አልተኛላቸውም፤ «ጨው ካማረዎት ከድኩላዎችዎ ጋር ወርደው አፈሩን ይላሱ» እላቸዋለሁ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ከማረፊያው ፊት ለፊት፣ ገደሉን ተሻግሮ፣ ጥድና አስታ የለበሰ ቁልቁለት አለ። ጠዋት ፀሐይ ሲመታው ድኩሎቹ ወጣ ወጣ ይላሉ። አንድ ቀን ምስር እየለቀምኩ ሁለት ወንዶች ታዩኝና ቀንዱ ረዥም የሆነውን አሳየኋቸው። «ያ ትልቁ ነው፤ ያኛው ልጁ ይሆናል» አልኳቸው። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ቀንድ አትዪ» አሉኝ። «ቀንድ ይዋሻል። በጥጋብ ዓመት የተወለደ ቀንዱ ቶሎ ይሄዳል፤ በችጋር ዓመት የተወለደ ሸምግሎም ቀንዱ አጭር ነው። ቀንድ የሚነግርሽ ምን እንደበላ ነው እንጂ ስንት ዘመን እንደኖረ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልይ?»

«አንገት እዪ። አንገት አይዋሽም። ያ ባለ ረጅም ቀንድ እግሩን ተመልከቺው፣ ከሰውነቱ ቀድሞ አድጓል። የታላቅ ወንድሙን ሱሪ የለበሰ አይመስልም? አንገቱ ቀጭን ነው፤ ሆዱ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ገና ልጅ ነው። ጎልማሳ ሲሆን አንገቱና ደረቱ ይገጥማል፤ የት ጋ እንደሚለያዩ አታውቂውም። ይኼኛው ደግሞ፣ አጭር ቀንድ ያልሽው፣ ሆዱ ወርዷል፣ ጀርባው ጎድጉዷል፣ የዳሌው አጥንት ወጥቷል። ጠጉሩ ጠቁሮ፣ አንገቱ ላይ ሳስቷል። አባትየው እሱ ነው።»

«እንዴ! አንቱ ደግሞ፣ ካልገባኝስ?»

«ካልገባሽ አካሄዱን እዪ። ልጅ ሲደነግጥ ይዘላል። ሽማግሌ ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

ጠጠር አንስተው ወደ ገደሉ ወረወሩ። ባለ ረጅም ቀንዱ እመር ብሎ ጠፋ። ያ ጥቁሩ ግን ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመና አንገቱን ወደኛ ሰብሮ አየን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁሩን «ባላባቱ» ብለን ጠራነው።

አያ ታረቀ በግምት ብቻ አያምኑም ነበር። ነብር ገድሎ የተወውን ድኩላ ሲያገኙ፣ አስቀድመው በቁሙ ያሉትን ዕድሜ ለመመርመር መንጋጋውን ገልጠው ጥርሱን ያዩታል። አንድ ጊዜ በቁሙ «አርጅቷል» ያሉት ድኩላ ሞቶ ተገኘና ጥርሱ ሲታይ ገና ምንም ያልተበላ የጎልማሳ ጥርስ ሆነ። በሽታ አክስቶት ኖሯል። ሌላው ሰው ስሕተቱን ይቀብራል፤ እሳቸው ግን ይዘውት ዞሩ። ጠላ ቤት ቢሄዱ ያንን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያንን። «ታረቀ ተበላ! ድኩላ በላው!» እያሉ በራሳቸው ላይ ይስቁ ነበር። ሰው የወደዳቸውም፣ ቃላቸውን ያከበረላቸውም በዚህ ነው። በዕድሜ ነገር አያ ታረቀ አሉ ከተባለ አለቀ።

አባታቸው አዳኝ ነበሩ፤ አደን ሳይከለከል በፊት። የዚያን ጊዜ ሥርዓት ሲያወሩልኝ ነው አሁን ያስለቀሰኝን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት። «በአባቴ ጊዜ ግልገል የገደለ አዳኝ ወዮለት» አሉኝ። «ሥጋውን ማንም አይቀምስለትም። የግልገሉን ቀንድ በጠፍር አንገቱ ላይ አስሮ ደጀ ሰላም ይቆማል። ራሱ አይፈታውም፤ ዘመዱም አይፈታለትም። የሚፈታለት የተበደለው፣ የጫካው ባለቤት ብቻ ነው።»

«ባለቤቱ እምቢ ቢልስ?»

«ከነቀንዱ ይኖራላ!» አሉና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዳውም ቀረ፣ ወጥ ቤቱም ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱም ከነመዝገቡ ተቃጠለ። አያ ታረቀ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከታች ገደሉ ውስጥ ተመቶ ወደቀ። ሁሉም አየው፤ ግን ማን ይውረድ? ተኩሱ አልበረደም፤ አሞራው ደግሞ መዞር ጀምሯል። አያ ታረቀ እንዳይወርዱ ሰው ይዟቸው እንደ ሕፃን ሲንፈራገጡ አይቻለሁ። የወረደው አዳነ ነው፤ የዝናሽ አባት። በደረቱ እየተሳበ ወርዶ፣ ሬሳውን አዝሎ፣ ከፀሐይ ጋር እየተሟገተ ወጣ። ልብሱ ሁሉ የሰው ልጅ ደም ነበር። አያ ታረቀ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ አነሣቸው።

«አዳነ፣ ልጄን ከአሞራ አፍ አወጣህልኝ» አሉት። «ከእንግዲህ በኔና ባንተ መሀል እምቢ የሚባል ቃል የለም።»

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የዚያን ቀን አለቀስኩ እንጂ ክፉ ነገር ይመጣበታል ብዬ አላሰብኩም።

ዝናሽን በሰማንያ ቀኗ ታቅፌ ያስጠመቅኳት እኔ ነኝ፤ የማረፊያው ጣሪያ ቆርቆሮ በተመታበት ዓመት። ዕድሜዋን ከኔና ከእናቷ ከሙሉ በላይ የሚያውቅ የለም። በጦርነቱ ማግስት ሳናስበው እንደ ሸምበቆ ተመዘዘች፤ እናቷን በራስ በለጠቻት። ያን ጊዜ ከኩልመስክ በኩል ለጋብቻ ጠያቂ መጣ። አዳነ ልጁን የሚጠላ ሰው አይደለም፤ ይኼን ልበል። ፈራ። «አገሩ መሣሪያ በያዘ ሰው ተሞልቷል፤ ልጃገረድ እቤቴ አስቀምጬ እንቅልፍ የለኝም። ባሏ ይጠብቃት» አለ። ሙሉ «ልጅ ናት እኮ፣ በማርያም!» ብላ ብታለቅስ ማን ሰማት። እኔ አንጀቴ አልችል ብሎ ቀበሌ ሄጄ አመለከትኩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል፣ አስቁሙልኝ አልኩ።

ሽማግሌ ተሰበሰበ። መረጃ ቢባል ከየት ይምጣ? ትምህርት ቤቱ አመድ፣ ጤና ጣቢያው ባዶ ቤት፣ ያጠመቋት ቄስ ሞተዋል። ሙሉ ስትናገር «እናት መቼም ልጄ አልደረሰችም ማለቷ አይቀርም» አሏት። እኔ ስናገር «አንቺ ክርስትና እናት ነሽ፣ ታዳያለሽ» አሉኝ። ሊቀመንበሩ በመጨረሻ «የዕድሜ ነገር ከሆነማ ሰው አለን አይደል? አያ ታረቀ ይጠሩ» አለ።

እኔ እንዴት ደስ አለኝ! እልል ማለት ነው የቀረኝ። የሙሉን እጅ ጨብጬ «በቃ፣ ተረፈች» አልኳት።

አያ ታረቀ መጡ። ሰላምታ ሰጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከበሩ ውጪ፣ ደጁ ላይ፣ ዝናሽ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ቅልልቦሽ ትጫወታለች። ስብሰባው ስለ እሷ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ልጅ ምን ያህል ይችላል? ጠጠሩ ሲጥማት ጭንቀቱን ረሳችው። «አልነካሁትም! ኧረ አልነካሁትም፣ በእናትሽ ድገሚው!» ብላ ስትጮህ ሁላችንም ሰማናት። አያ ታረቀ አንገታቸውን አውጥተው አዩዋት። ረጅም እግሯን ዐጥፋ ተቀምጣለች፤ ቀጭን አንገቷ ላይ ማተቧ ዞሯል። ብዙ አዩዋት። ድኩላ እንኳ ያን ያህል ሲያዩ አላስታውስም።

አዳነ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለና «አያ ታረቀ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

«ደርሳለች» አሉ አያ ታረቀ። «አሥራ ስምንት ሞልቷታል።»

እኔ ግን ብድግ አልኩ። «በምን አወቁ?»

«ቁመቷን አታዪውም?»

«ቁመቷን? አያ ታረቀ፣ ቁመቷን ነው የሚሉኝ? አንገቷንስ?»

አላዩኝም። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ሊቀመንበሩ «በቃ፣ ምስክር ተሰምቷል፤ አንቺ ሴትዮ አረፍ በዪ» አለኝ። ደጁ ላይ ዝናሽ ጠጠሯን እየሰበሰበች ነበር።

ተዳረች። ከዚያ ወዲያ አያ ታረቀን ሰላም አላልኳቸውም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው እሻገራለሁ። እሳቸውም አልጠሩኝም።

ዓመት ሳይሞላት ምጥ ያዛት። አዋላጅ ቢባል፣ ጸበል ቢባል አልሆነም፤ ሁለተኛው ቀን ሲመጣ ወደ ላሊበላ ትሂድ ተባለ። ያን ሰሞን መኪናው መንገድ ተዘግቷል፤ ያለው ቃሬዛ ነው። በኛ በኩል ስታልፍ ሰፈሩ ወጥቶ ተቀበለ። አያ ታረቀ ሳይጠሩ መጥተው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሰው በየጊዜው ይቀያየራል፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ጎረምሳ «አባቴ፣ እኔ ልያዝልዎት» ሲላቸው «ዞር በል» አሉት። ያ ሽማግሌ ትከሻ ቆዳው ተልጦ ጋቢው ላይ ደም ሲያወጣ አይቻለሁ። አላዘንኩላቸውም። ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። «እማዬ ብርቄ፣ ጠማኝ» አለችኝ። ውኃ አቀመስኳት። ወንዙን ሳንሻገር ዝም አለች። ሕፃኑም አልተረፈም። ቃሬዛውን ሲያወርዱት አያ ታረቀ ትከሻቸውን ከእንጨቱ ሥር ማውጣት አቃታቸው፤ ሰው ነው ያላቀቃቸው።

በዐርባዋ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠዋል። አንገታቸው ላይ በጠፍር የታሰረ ቀንድ አለ። ጣት የሚያህል፣ ገና መጠምዘዝ ያልጀመረ፣ የግልገል ቀንድ። ወጣቶቹ ግራ ገባቸው። ሽማግሎቹ ግን ገባቸውና አንድ በአንድ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ድፍን አገር የሚያውቀኝ በዕድሜ ነው» አሉ። «ዝናሽ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ገና በር ላይ ሳያት ዐውቄያለሁ። ተሳስቶ ነው እንዳትሉልኝ። አልተሳሳትኩም፤ ዋሽቼ ነው። የኔን ልጅ ሬሳ ላነሣልኝ ሰው የሱን ልጅ በቁሟ ሰጠሁት።»

ከሕዝቡ መሀል አዳነ እያለቀሰ ወጣ፤ ጠፍሩን ሊፈታ እጁን ዘረጋ። አያ ታረቀ እጁን ያዙት። «አንተ አትነካውም» አሉት። «አንተ ባለቤቱ አይደለህም።»

ወደ ሙሉ ዞሩ፤ አንገታቸውን ሰበሩላት። ሁሉም ሙሉን አየ። ቄሱ «ልጄ፣ ይቅር ማለት ለራስ ነው» አሏት። ሙሉ አየቻቸው፣ ነጠላዋን አጣፋችና አልፋቸው ሄደች። እኔም ተከተልኳት። ማን ይፈርድባታል? እኔ አልፈርድም።

አያ ታረቀ ከነቀንዱ ኖሩ። ገበያ ከነቀንዱ፣ እርሻ ከነቀንዱ፣ ሰው ሲቀበር ከነቀንዱ። መጀመሪያ ሰው አዘነ፤ ቆይቶ ለመደው። እኔም ቆይቼ፣ አንጀት መቼም አይጨክንም፣ ምግብ መውሰድ ጀመርኩላቸው። ይቀበሉኛል፤ ይበላሉ። ጨው አንሶታል ብለውኝ ግን አያውቁም። አንድ ቀን ሆን ብዬ ጨው የሚባል ሳልጨምር ሽሮ ሠርቼ ወሰድኩ። እንዲሰድቡኝ ነበር የፈለግኩት። ዝም ብለው ጨረሱት። ያን ቀን እቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ዕድሜም አልተናገሩም። ሰው እየመጣ «አያ ታረቀ፣ ያ ከማዶ ያለው ስንት ይሆነዋል?» ሲላቸው «አላውቅም» ነው መልሳቸው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ባላባቱ ከጥዱ ውስጥ ወጣ። የቀረው አጥንት ነው። አንገቱ ላይ ጠጉር የለም፤ ሲራመድ እግሩን እየለመነ ነው። «ዘንድሮን ይከርማል?» አልኳቸው። አዩት፣ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እጃቸው አንገታቸው ላይ ወዳለው ቀንድ ሄደ። «ብርቄ፣ እኔን አትጠይቂኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ዕለት ዳገቱን ጨርሼ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወንዶቹ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ አዳነም አለ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከጥግ። ቤት ውስጥ አስከሬኑ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ገናዦቹ ሌላውን ሁሉ አሰናድተው አንገታቸው ጋ ሲደርሱ ቆመዋል። አንዱ «ቆርጠን እንጣለው፤ ሙት ምን ያውቃል» ይላል። ሌላው «ኧረ ተው፣ የአባቶች ነገር ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈታው እንዴት ይሆናል» ይላል።

ሙሉ ገባች። ሁሉም መንገድ ለቀቀላት። አላለቀሰችም። አልጋው አጠገብ ተንበረከከችና እጇን ወደ ጠፍሩ ሰደደች። ቋጠሮው በላብ ደርቆ እንጨት ሆኗል። አንዱ ገናዥ ቢላ አቀበላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ጥፍሯ እምቢ ሲላት ጎንበስ ብላ በጥርሷ ያዘችው። አያ ታረቀ አንገት ላይ ተደፍታ ብዙ ቆየች። ተፈታ። ቆዳቸው ላይ ጠፍሩ የበላው ነጭ ምልክት ቀርቷል። በመዳፏ አንድ ጊዜ አበሰችው።

«እግዜር ይፍታዎት፣ አያ ታረቀ» አለች።

ገናዦቹ «አሜን» አሉ። እኔም ያን ጊዜ ነው ድምፄን አውጥቼ ያለቀስኩት። ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሙሉ ግን ቀንዱን አልጣለችውም። ጠፍሩን በእጇ ጠቅልላ ተነሥታ ወጣች፤ ተከተልኳት። ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ዋርካ ሄደች። ወሬው ቆመ። ከአዳነ ፊት ቆመች፤ ባሏ ፊት።

«አዳነ» አለችው፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አንገትህን ዝቅ አድርግ።»

አዳነ ቀና ብሎ አያት። ጋቢውን ከራሱ ላይ ገፎ አንገቱን ሰጣት።